ጋሽ ላባ ያልፈረመበት ቤት

እስቲ አንዴ ጸጥታ! ከኋላ ያላችሁ፣ ወሬውን ለነገ አሳድሩት። ሾፌራችን፣ አንተን ነው የምለው፤ ኬኩ እግር የለውም፣ የትም አይሄድም፣ ቁጭ በል።

እኔ ንግግር እንደማልችል ታውቃላችሁ። ግን «ማን ይናገር?» ሲባል ሁላችሁም ጣታችሁን ወደኔ ቀሰራችሁ። ምን ላድርግ? ከዚህ ሰው ጋር ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ መኪና የተንከራተትኩት፣ በየሰዉ ኮርኒስ ውስጥ አብሬው አቧራ የቃምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጋሼ፣ ዛሬ ጉድህ ይወጣል። እትዬ፣ እርስዎም ከጎኑ ተቀምጠው ስለ ባለቤትዎ የማያውቁትን ይሰማሉ።

በነገራችን ላይ፣ በወጉ «እሳቸው» እያልኩ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። ገና ከበሩ ስገባ ክንዴን ያዝ አደረገና «ዛሬ አንቱ ካልሽኝ ተነሥቼ ነው የምሄደው» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቱታ ያስረጃል» ሲለን ኖሮ፣ በጡረታው ቀንም አላረጅም ብሏል! እሺ ጋሼ። እንደለመድነው።

የመጣበትን ቀን እንደ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ወር ነው። እኔ ከተቀጠርኩ ሦስት ወሬ ነበር፤ በሦስት ወር ውስጥ ደግሞ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እናንተም እንደዚያው ነበራችሁ። አንድ ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው ለቃለ መጠይቅ ነው ብሎ ገባ። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪሱ ላይ ምን ሰክቷል? የዶሮ ላባ! እኔ በልቤ «ይሄ ሰውዬ ዶሮ እርባታ ሲፈልግ በር ተሳስቶ ነው» አልኩ።

የቀድሞው ሥራ አስኪያጃችን እዚያ ጋ ተቀምጠዋል፣ ይመስክሩ። ያን ጊዜ በጋ ክረምት ሳይሉ አንገታቸውን በሻርፕ ጠምጥመው ነበር የሚውሉት። «ይቀመጡ» አሉት።

«እቀመጣለሁ። ግን እዚህ ወንበር ላይ አይደለም» አላቸው።

«ለምን?»

«ንፋስ ይመታኛል።»

«የምን ንፋስ? መስኮቱ እኮ ዝግ ነው!»

ሰውዬው ላባውን ከኪሱ መዘዝ አደረገና በመስኮቱ ጠርዝ በኩል ቀስ እያለ አስኬደው። ላባው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እስክስታ ጀመረ። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ ብዬ የተቀመጥኩት ሴት፣ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ላባ አያለሁ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ጌታዬ፣ አንገትዎን የሚያምዎት በቀኝ በኩል ነው አይደል?» አላቸው።

ሥራ አስኪያጃችን ወደኔ ዞረው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ወሬ ያወጣሁ እኔ መስዬአቸው! «ማን ነገረህ?» አሉት።

«ወንበርዎ ነዋ። ለመስኮቱ ቀኝዎን ሰጥተው ነው የሚቀመጡት።»

በዚያው ቀን ተቀጠረ። በማግስቱ የመጀመሪያ ሥራው የሥራ አስኪያጁን መስኮት መጠገን ሆነ። ሥራ ሊጠይቅ መጥቶ ሥራ አሳየን ማለት ነው። ሻርፑም ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ አላየነውም። ለሰውዬው ግን እናትና አባቱ ያወጡለት ስም የቀረው በደመወዝ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ለኛ ያው ጋሽ ላባ ሆነ።

ለእንግዶች ሥራችንን ባጭሩ ላስረዳ፤ አለዚያ የምስቅባቸው ነገሮች አይገቧችሁም። ሰው ቤቱን ያሞቃል፤ ሙቀቱ የት እንደሚሄድበት ግን አያውቅም። እኛ የቤቱ ዋና በር ላይ ሸራ እንወጥርና መሐሉ ላይ ትልቅ ማራገቢያ እንገጥማለን። ማራገቢያው የቤቱን አየር ወደ ውጭ ይስባል። ያኔ የውጭው አየር ባገኘው ስንጥቅ ሁሉ እየተሽሎከለከ ይገባል፤ በሶኬት ቀዳዳ፣ በመስኮት ጠርዝ፣ በቧንቧ ዙሪያ። መሣሪያው ቤቱ በጠቅላላ ምን ያህል እንደሚያስተነፍስ በቁጥር ያሳየናል። ከዚያ ክፍተቶቹ ይደፈናሉ፣ እንደገና እንለካለን። ሥራው ይኸው ነው።

እኔ ያን መሣሪያ ለጋሽ ላባ ሳስተዋውቀው የወለድኩት ልጅ ነበር የሚመስለው። ቁልፉን፣ ቱቦውን፣ ቁጥሩን፣ ሁሉንም አስረዳሁት። አሥራ ስምንት ዓመት በርና መስኮት ሲሠራ የኖረ አናጢ፣ እጁን አጣምሮ እንደ ተማሪ አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ «እግዜር ይስጥሽ። ጥሩ ዕቃ ነው። ስንት እንደሚገባ ይነግርሻል። በየት እንደሚገባስ?» አለኝ።

«እሱን እኛ እንፈልጋለን» አልኩት።

«በይ እንፈልግ» ብሎ ላባውን አወጣ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ስንፈልግ ኖርን።

አመሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሰው ቤት ሲገባ ሰላምታው እንዳለቀ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ድመት አላችሁ?» ሰዉ ይደናገጣል፣ ድመት የሚጠላ ይመስላቸዋል። እሱ የሚፈልገው የምትተኛበትን ቦታ ነው። «ድመት ንፋስ ባለበት አትተኛም። የቤቱን ካርታ ከሷ ውሰጂ» ይለኛል። ባለቤቶቹ ደግሞ ሁሌም መስኮታቸውን ነው የሚከሱት። እሱ መሰላል ያመጣና ቀጥ ብሎ ወደ ኮርኒሱ። «መስኮት በከንቱ ይታማል፤ ሌባው ላይ ቤት ነው ያለው!» እውነቱን ነው። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ የኮርኒሱ መውጫ በር ደግሞ ሁልጊዜ ገርበብ ያለ ነው።

የሾፌራችንን መኪናስ? አንድ ሰሞን ሾፌራችን «የመኪናዬ በር ያፏጫል» ሲል ሰነበተ። ጋሽ ላባ ሰውዬው ምሳ እስኪበላ ጠብቆ በሩን ዙሪያውን በጎማ ደፈነለት። ማፏጨቱ ቆመ። በሩም አልከፈት አለ! ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን የሚያክል ሰው በኔ በኩል እየገባ፣ ማርሹን እየረገጠ፣ ወደ መሪው ሲሻገር አይተነዋል። «ምነው ጋሼ?» ቢለው፣ «ያፏጫል አልክ እንጂ መክፈት እፈልጋለሁ አላልክም» አለው።

ሠርጌ ላይ ደግሞ፤ አይ፣ ይሄንን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሙሽራው ቀለበቱን ሊያጠልቅልኝ እጄን ይዞኛል። እናቴ ጠጋ ብላ በጆሮዬ፣ «ያ መጋረጃው ውስጥ የገባው ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው?» አለችኝ። ቀና ብዬ ባይ ከመጋረጃው ሥር ሁለት ጥቁር ጫማ ይታያል፣ ከላይ ደግሞ አንዲት ላባ ትውለበለባለች። ባለቤቱ፣ እትዬ፣ እርስዎ ነዎት በካፖርቱ ጎትተው ያወጡት! ይኸው ይስቃሉ። በማግስቱ ለአዳራሹ ባለቤት ሁለት ገጽ ማሳሰቢያ ጽፎ ሰጥቶታል።

አሁን አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ይሄኛው እኔን ነው የሚያስቀው፣ ወይም የሚያሳፍረው።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ልንፈትሽ ሄድን። ሴትዮዋ የምትሠራው ሳሎኗ ውስጥ ነው። በዚያ ሳምንት አምስት ነጭ ቀሚሶች ጨርሳ ሰቅላለች። ሳሎኑ ውስጥ የእሳት ማንደጃ አለ፤ ውስጡ አመድ ሞልቷል። ማራገቢያው ከመነሣቱ በፊት ማንደጃውን በፕላስቲክ መሸፈን የኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት። ማራገቢያውን አስነሣሁ። አየሩ በጭስ ማውጫው ቁልቁል መጣና የዓመት አመዱን አንሥቶ... ምን ልበላችሁ! ቀሚሶቹ ግራጫ፣ ግድግዳው ግራጫ፣ ሴትዮዋ እስከ ቅንድቧ ግራጫ። ሴትዮዋ «ማነው ይሄን ያደረገው?» ብላ ስትጮህ፣ ጋሽ ላባ ወደኔ ሳያይ «እኔ ነኝ እመቤት፤ መሸፈን ነበረብኝ» አላት። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። እስከ ማምሻው ድረስ ቀሚስ ሲያጥብ ዋለ። እኔ አለቀልቃለሁ፣ እሱ ይጨምቃል። ስንመለስ መኪና ውስጥ አልተቆጣኝም። ቢሮ ስንደርስ ብቻ፣ «አየሽ፣ አመድ ተደብቆ አይቀርም» ብሎኝ ወረደ።

ይሄንን የማወራው ለወግ ማሳመሪያ አይደለም። ቀጥሎ የምናገረውን ስትሰሙ እንድትመዝኑት ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። እኔ የቡድን መሪ ከሆንኩ ስድስት ወር ሆኖኛል። ጋሽ ላባ በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም ያልቀረው ሰው፣ በሥራ ግን በኔ ሥር ነው። አርባ ቤት ፈትሸን፣ አስደፍነን፣ ዳግመኛ ለክተን ብርዱ ሳይወጣ እንድናስረክብ ታዘናል። ሠላሳ ስምንቱን ጨርሰናል። እኔ ደግሞ አዲስ ሹመት ነው፤ መሬት ጠበበኝ። ከቀኑ ቀድሜ ላስረክብ፣ ስሜ ይጠራ፣ ይኸው ነው ሐሳቤ።

ሠላሳ ዘጠነኛው ቤት የሁለት አዛውንቶች ነበር። ባልየው የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ የነበሩ፣ ሚስትየው አዋላጅ ነርስ የነበሩ፤ ሁለቱም በጡረታ። ቤቱ አሮጌ ነው። ማራገቢያውን ስናስነሣው መጋረጃዎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ተነፉ። ቁጥሩ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው። እኔ ደስ አለኝ! ብዙ የሚያስገባ ቤት ሲደፈን ልዩነቱ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ሪፖርቱ ያምራል። ደፋኞቹ በማግስቱ ጠዋት እንዲመጡ ቀጠሮ ያዝኩ።

ጋሽ ላባ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ቀርቷል። ሄጄ ባይ ከማዕድ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ ፊት ቆሞ ከእማማ ጋር ያወራል።

«እማማ፣ ራስዎን ያምዎታል?»

«ኧረ ዕድሜ ነው ልጄ። የማያመኝ ምን አለ ብለህ ነው?»

«መቼ ነው የሚብስብዎት?»

«ምግብ የምሠራ ለት፣ ገላዬንም የታጠብኩ ለት። እሑድ እሑድ ልጄ ቤት ስሄድ ግን ድራሹ ይጠፋል። የልጅ ልጆቼን ሳይ መሰለኝ።»

ጋሽ ላባ ማራገቢያችንን አጥፍቶ በሮችና መስኮቶችን ሁሉ ዘጋ። እማማ ምግብ ሲሠሩ እንደሚያደርጉት የማዕድ ቤቱን የጭስ መሳቢያ አበራ። የሞቀ ውሃውን ከፈተና ማሞቂያው ሲነድ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ። ከዚያ ላባውን ከማሞቂያው በላይ የጭስ ቱቦው አፍ ጋ ያዘው። የተቃጠለው ጋዝ ወደ ቱቦው መሳብ አለበት፤ ላባውም አብሮ ወደ ቱቦው መጎተት ነበረበት። ላባው ግን ወደሱ ታጠፈ። ወደ ቤት ውስጥ።

በረንዳ ላይ ጠራኝና ነገረኝ። «መርዙ እየወጣ አይደለም፤ እየተመለሰ ነው። እነዚህ ሰዎች እስከዛሬ የኖሩት ቤቱ ስንጥቅጥቅ ስላለ ነው። ነገ ከደፈንነው ይታፈናሉ። አልፈርምም።»

ለማታውቁት፣ ከማሞቂያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ሰው ይደክመዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይተኛል። አንዳንዱ እንደተኛ ይቀራል። የጋዝ መለኪያችን ደግሞ ያን ሳምንት ተበላሽቶ ለጥገና ሄዷል። በእጃችን ያለው የዶሮ ላባ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ማሞቂያው የኛ ሥራ አይደለም» አልኩት። «እኛ ስንጥቅ ነው የምንደፍነው። ሪፖርቱ ላይ ማሳሰቢያ እንጽፍና እንደፍን።»

«ማሳሰቢያ አይተነፈስም» አለኝ።

በዚህ መሐል አዛውንቶቹ ወደ በረንዳው ወጥተው ይሰሙናል። እኔ እነሱ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አንተ በላባ አርባ ቤት ልታቆም ነው? ሰው ጨረቃ ላይ በወጣበት ዘመን በዶሮ ላባ?» አልኩት።

ያ ሰው ላባውን አንዴ አየት አደረገና ወደ ኪሱ ሳይሆን ወደ ቦርሳው ውስጥ፣ ከዕቃዎቹ ሥር ከተተው። ፊቱን ማየት አቃተኝ። ከዚያ ገብቶ ማሞቂያውን ዘጋ፣ የጋዙን መክፈቻ በሽቦ አሰረ፣ «ሳይጠገን አትክፈቱት፤ ለሕይወታችሁ ነው» ብሎ ለአባባ ነገራቸው። አባባ ተቆጡ፣ «በዚህ ብርድ በበረዶ ውሃ ልታጠብ ነው?» አሉ። እማማ ግን ሽቦውን ትክ ብለው ያዩ ነበር።

የፈታሹ ፊርማ ከሌለ ደፋኞቹ ሥራ አይጀምሩም። ስለዚህ ሥራው ቆመ። በዚያ ሳምንት ሥራ አስኪያጁ በር ሥር አንድ ስም የሌለው ደብዳቤ ተገኘ። «ይህ ሠራተኛ በኋላ ቀር ዘዴ ሥራ እያደናቀፈ ደንበኞችን ያስቆጣል» የሚል። ጋሽ ላባ ወደ ስቶር ተዛወረ። የመድፈኛ ፎም ሲቆጥር፣ ሲሊኮን ሲደረድር፣ ከስቶሩ ሳይወጣ ይውል ጀመር። አንድም ቀን አላጉረመረመም።

የሚቀጥለውን ያወቅሁት በኋላ ከእትዬ ነው። ማሞቂያውን ባሰረ ማግስት ከሥራ ሲወጣ ከቤቱ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያና ትልቅ ባልዲ ተሸክሞ ወደ አዛውንቶቹ ሄደ። «ይኸው አባባ፤ በዚህ ይታጠቡ፣ እኔንም እየረገሙኝ ይታጠቡ» አላቸው። ከዚያም በየቀኑ ከሥራ በኋላ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። በአራተኛው ቀን የማሞቂያ ጠጋኝ የሆነ ጓደኛውን የራሱን የጋዝ መለኪያ አስይዞ ወሰደው። አዛውንቶቹን ከቤት አስወጡና ማሞቂያውን አነደዱት። መለኪያው ወዲያው ጮኸ። ጠጋኙ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የጭስ ማውጫው እስከ ግማሹ በአሮጌ የወፍ ጎጆና በወደቀ ጡብ ተደፍኗል።

ተደፍኗል! ስንጥቅ ስንደፍን በምንኖርበት ሥራችን ውስጥ፣ መደፈን ያልነበረበት አንድ ቦታ ያ ነበር።

ጠጋኙ ጠርጎ፣ ቱቦውን ቀይሮ፣ ለማሞቂያው ክፍል የራሱን አየር ማስገቢያ ከፍቶለት፣ እንደገና ለካ። አሁን ጭሱ ወደሚወጣበት ወጣ። ሪፖርቱ ሥራ አስኪያጁ ጋ ደረሰ። ቤቱም የተደፈነው ከዚያ በኋላ ነው። ዘገየን እንጂ አርባውንም አስረከብን፤ ማንም ስለ መዘግየቱ አንድ ቃል አልተናገረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እማማ ራሳቸው ቢሮ መጡ። «ያ ላባ ያለው ልጅ የታለ?» አሉ። ልጅ የሚሉት የሃምሳ ዓመት ሰው ነው! ስቶር ነው ተባሉ። እኔም ሲሊኮን ልወስድ ገብቼ ከመደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ፤ መውጣት አፈርኩና እዚያው ቀረሁ። በሩን ከፍተው ቆሙና እንዲህ አሉት፤

«ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። አባትህንም ቀን ቀን እንቅልፍ መጣሉን ተወ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጆችን የመጀመሪያ ትንፋሽ ሳስተነፍስ ነው የኖርኩት። የኔን የመጨረሻዬን ግን አንተ አቆየህልኝ።»

ጋሽ ላባ መሬት መሬት እያየ የያዘውን ሲሊኮን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። በመጨረሻ ያወጣው ቃል ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «እማማ፣ በሩን ይዝጉት፣ ንፋስ ይገባል።»

እሳቸው ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። እኔ ከመደርደሪያው ጀርባ አፌን ይዤ አለቀስኩ።

በማግስቱ ወደ ቡድናችን ተመለሰ። መኪና ውስጥ ገባ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ወቀሳ እጠብቃለሁ። «ዛሬ የት ነው የምንሄደው?» ነው ያለኝ። የሄድንበት ቤት ስንደርስ ላባውን ከቦርሳው ሥር ፈልጎ አወጣና፣ «ነይ፣ አያያዙን ላሳይሽ። ስትቸኩዪ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ የራስሽን መንቀጥቀጥ የንፋስ ይመስልሻል» አለኝ። አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ ጭሱ መውጣቱ ሳይለካ አንድም ቤት አንደፍንም። የሥራ መመሪያችን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ያ አንቀጽ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አዲሶቹ ልጆች ከላይ የታዘዘ ይመስላችኋል። ከጠባቧ ክፍል ነው የመጣው። ከሱ ነው።

እሺ። አሁን ውሃ ልጠጣ።

ጋሼ፣ ይሄን ብቻህን አግኝቼህ መናገር ነበረብኝ። ስንት ጊዜ መኪና ውስጥ ጀምሬ ዋጥኩት። ዛሬ ግን የነቀፍኩህ በሰው ፊት ስለሆነ፣ በሰው ፊት ልናገር። ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራው በቆመ ማግስት ያንተን ፊርማ የሚተካ ሌላ ፈታሽ ፍለጋ ሦስት ቦታ ደውዬ ነበር፤ ሳላገኝ ስቀር ነው ደብዳቤውን የጻፍኩት። አንዱ እሺ ቢለኝ ኖሮ ቤቱ ተደፍኖ ነበር። እማማና አባባ... አልጨርሰውም። ቀሚስ ያጠብክልኝን ሰው ስቶር አስገባሁት። ስሜን እንኳ ለመጻፍ ወኔ አልነበረኝም። ይቅር በለኝ።

ምን አልክ? አልሰማሁህም። እስቲ ማይክራፎኑን አቅርቡለት።

ሰማችሁት? «አውቃለሁ» ነው የሚለው! እንዴት አወቅህ?

«ሥራ አስኪያጁ አሳይተውኛል። ‹ኋላ ቀር›ን ‹ሁዋላ ቀር› ብሎ የሚጽፍ እዚህ ቢሮ ውስጥ ካንቺ በቀር ማን አለ?» ይለኛል! ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። ጋሼ፣ ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ለምን ዝም አልከኝ?

«አንቺ እስክትነግሪኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት?

«ቸኩዬ አውቃለሁ?»

አይ ጋሼ። ቆይ፣ ቆይ፣ መሐረብ ስጡኝ። እናንተም ሳቁ ብያችሁ ነው እንጂ አልቅሱ አላልኳችሁም።

ወገኖቼ፣ እኛ የምንሠራው ሥራ የሚታይ አይደለም። ሰው ፎቅ ሲሠራ ቆሞ ያሳያል፤ እኛ ስንጨርስ ቤቱ ያው የነበረው ቤት ነው። ብርዱ መቅረቱ ብቻ ነው። ጋሽ ላባ የማይታየውን በትዕግሥት መፈለግ አስተማረን። ከዚያ በላይ ደግሞ «አልፈርምም» ማለትን አስተማረን። እንቢ ብሎ አለመሳደብን፣ እንቢ ብሎ ደግሞ ባልዲ ተሸክሞ መሄድን። እንቢታ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ባልዲውን የሚሸከም ግን ስንት አለ?

እትዬ፣ እርስዎንም ማመስገን አለብን። አቧራ ለብሶ ሲገባ የተቀበሉት፣ የውሃ ማፍያዎ ከቤት ሲጠፋ «የት ወሰድከው?» ብለው ሰምተው ዝም ያሉት እርስዎ ነዎት። በሚቀጥለው ወር ሴት ልጃችሁ ጋ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ከተማ እንደምትሄዱ ነግረውኛል። ልጅየዋ ደውላ፣ «አባዬ በረንዳዬን በመስታወት ሊዘጋው ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃኛለች። እኔ እንጃ፤ አዎ፣ ሳይዘጋው አይቀርም። ግን እትዬ፣ ጠዋት ጠዋት ቀስቅሰው ባሕሩ ዳር ይውሰዱት። እዚያ ንፋሱ እንደልቡ ይንፈስ፣ እሱም ዝም ብሎ ይቀመጥበት። አንዳንድ ንፋስ ማንም ሊያቆመው አይገባም።

በሉ ተነሡ፤ ብርጭቋችሁን ያዙ። ሾፌራችን፣ አሁን ተፈቅዶልሃል፣ ተነሥ።

ጋሼ፣ ጉልበትህ ይጽና፣ ደረትህ አይታፈን፣ ዓይንህ የልጅ ልጆችህን ሠርግ ይይ። ከእትዬ ጋር ሳትጣደፉ፣ ማንም ሰዓት ሳይጠብቅባችሁ፣ ረጅም ጠዋት ይስጣችሁ። ስትናፍቀን እንደውልልሃለን፤ ስንናፍቅህ ሳትደውል ና።

እናንተም ስሙኝ። ዛሬ መሽቶ ሁላችን ወደየቤታችን ስንገባ፣ ይሄ ሰው ደጃፋቸውን የረገጠባቸው በመቶ የሚቆጠሩ ቤቶች አሉ። ስሙን የማያውቁ እናቶች ብርድ ልብስ ሳይደርቡ ይተኛሉ። ሕፃናት ሳያስሉ ያድራሉ። ጠዋትም ሁሉም ይነቃሉ። ይሄ ጽዋ ለነሱ እንቅልፍ፣ ለሱም ለማያልቀው ትዕግሥቱ ይሁን።

ለጋሽ ላባ! ኑርልን!